መሬት የሌለው ምስል

ጦይባ ስትጠራኝ ጦሳ ጉም ለብሶ ነበር፣
ካፊያው እየጣለ፣ እዚያ ሸዋ በር።
“ቲቪው ሞተ” አለች፣ “ትናንት፣ በጎል መሃል፤
ልጆቹም ብራችንን መልሺ ብለውኛል።”
ሆዱን ፈትቼ አየሁ፤ ከሰል ነው የነደደ፤
“አብሽሪ” አይባልም፣ ነፍሱ ጥሎት ሄደ።
አዲስ ስንጠይቅ፣ ዋጋው ሲነገረን
ጦይባ ሳቀች ብቻ፤ ሳቋ አስደነገጠን።

ሙጋድ ግን አንድ ቆራሌ አለ፣
ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት የሰበሰበውን ስክሪን
እንደ ድንች ደርድሮ በኪሎ የሚሸጥ።
አሥራ አንድ ናቸው፤ አቧራ የጠጡ፣ አንገታቸው የጠመመ።
አንዱን አነሳሁት፤ ጥጉ ተሰንጥቋል።
“ይሠራል?” አልኩት። ሰውየው፣ “አላህ ያውቃል።”

የጦይባ ፕሌይስቴሽን አሮጌ ነው፣ የተፈታ፤
ሆዱ ውስጥ ቺፕ የበየዱለት፣
ዲስክ የማይለምን፣ ከፍላሽ የሚያጫውት።
ከስክሪኑ ጋር ግን ቋንቋቸው ለየቅል።
ስክሪኑ አምስት ይሻል፦ ሦስት ቀለም፣ ሁለት ምት፤
አንዱ ምት መስመሩን፣ አንዱ ገጹን የሚቆጥርበት።
ማሽኑ ሦስቱን ብቻ ይልካል፣
ምቱን በአረንጓዴው ሽቦ ሸሽጎ፣
ሰኞ ገበያ እንደምትወርድ ሴት
ብሯን በመቀነቷ ቋጥራ።
የኔ ሥራ ቋጠሮውን መፍታት ነው፤
መቀነቱን ሳልቀድ፣ ብሩን ሳላጎድል።

ምት የሚለየውን ቺፕ ካንድ ሰርግ ቀራጭ የሞተ ዴክ፣
ሬዚስተሩን ከአባባ ፈንታው ሬድዮ (ልጃቸው ፈቅዶ)፣
ገመዱን ከፕሪንተር።
ቤቱ ምን ይሁን ስል፣ ሊስትሮው ደምለው
የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ከሣጥኑ አወጣ።
“ዋጋው ሁለት ጌም ነው” አለ፣ “አንድም አይቀነስ።”
ተስማማን።

ካውያዬ ሲግል መብራቱ ይሄዳል፣
መብራቱ ሲመጣ እጄ ደንዝዟል፤
የደሴ ብርድ ደግሞ ለጣት አይራራም፣
በደነዘዘ ጣት ፀጉር አይበየድም።

በሦስተኛው ሌሊት ምስሉ መጣ።
መጣ፣ ግን አልቆመም፤
ፍሬን እንደ በጠሰ ኤፍኤስአር፣ በሐረጎ ቁልቁለት፣
ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች።
ተጫዋቾቹም ዳኛውም አረንጓዴ፣
ሣሩ የዋጣቸው።
ጦይባ ዝም አለች። ዝምታዋ ኪራይ ይቆጥራል።

ደምለው ሰልችቶት ቆርቆሮውን በጣቱ ነካ።
ምስሉ ቆመ።
ጣቱን አነሳ፤ ተንሸራተተ።
ነካ፤ ቆመ።
“መሬት የለውም!” አልኩ፣ ጮኼ።

ካልኩ በኋላ ደነገጥኩ፤
ይህን ቃል የማውቀው ከሌላ ቦታ ነው፤
ከቀበሌ መዝገብ፣ ተራ ቁጥር መቶ አርባ፣
ከስሜ ትይዩ፦ መሬት የለውም።
ተሁለደሬ ያለችው ያባቴ ማሳ
ለስድስት ወንድም ተቆርሳ አልቃ
ለኔ የደረሰኝ ድንበሯ ላይ ያለው ድንጋይ ነው።

አንድ ስንዝር ሽቦ ቆረጥኩ፤
ከቆርቆሮው ወደ ማሽኑ ጀርባ በየድኩት።
አንድ ስንዝር ብቻ።
ምስሉ ረግቶ ቆመ፤ ቀዩ ቀላ፣ ነጩ ነጣ፤
የዳኛውም ፊት ከነቁጣው መጣ።

ዛሬ ሸዋ በር ወረፋ አለ።
ስክሪኑ ጥጉ እንደ ተሰነጠቀ ነው፤
ከማዕዘን የተመታ ኳስ እዚያ ይገባና ይጠፋል፣
በየት እንደሚወጣ አላህ ያውቃል።
ልጆቹ ደንብ አወጡ፦ ከስንጥቁ የመጣ ጎል አይቆጠርም።
ደምለው ሁለቱንም ጌም ተሸነፈ።
“ቆርቆሮዬን መልስ!” ይለኛል ባለፍኩ ቁጥር።
ቆርቆሮው ግን ሞቆ፣
ቀለም ቀለም እየሸተተ፣
መሬቱን ይዞ ተቀምጧል።